ጭኔ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ስለ ስኪ ሚዛንና ስለ አስተጣጠፍ

ጥያቄ፦ «የምኖረው በኮሎራዶ ኦሮራ ከተማ ነው፤ 41 ዓመቴ ነው። ልጆቼን ለማጀብ ብዬ ስኪ (እግር ላይ በሚታሰሩ ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሰሌዳዎች በበረዶ መንሸራተት) ከጀመርሁ ይህ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ቀላል በሆነው በአረንጓዴው መስመር ያለ ችግር እወርዳለሁ። መካከለኛ በሆነው በሰማያዊው ላይ ግን ጭኖቼ ይቃጠላሉ፣ የምታጠፈው በግድ ነው፣ ስኪዎቹም ከሥሬ ሊያመልጡኝ የሚሮጡ ይመስለኛል። የ14 ዓመቱ ልጄ የሚወርደው በስኖውቦርድ፣ ሁለቱም እግር በሚታሰርበት አንድ ሰፊ ሰሌዳ ነው፤ እሱም ደህና ሲሄድ ቆይቶ ድንገት በፊቱ ይደፋል። ሚዛናችንን እንዴት እናሻሽል? ወይስ እኔም ወደ ስኖውቦርድ ልዙር?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣና፣ አይዙሩ እላለሁ። በስኖውቦርድ ላይ ቂም የለኝም፤ ነገር ግን የያዘዎት ችግር ከመሣሪያው የመጣ ስላልሆነ መሣሪያ ቢቀይሩ ተከትሎዎት ይሄዳል። የዘረዘሯቸው ሦስት ምልክቶች፣ የጭን ቃጠሎው፣ በግድ መታጠፉና የስኪው ማምለጥ፣ ሥራቸው አንድ ነው። ቁልቁለቱ ጠንከር ሲል ሰውነትዎ ወደ ኋላ ይሸሻል። በአጭሩ፣ ቁጭ ብለው ነው የሚወርዱት።

በዚህ ራስዎን አይውቀሱ። እኛ የደጋ ልጆች ቁልቁለት መውረድን የተማርነው በጭቃ ነው። በሐምሌ ከእንጦጦ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ተረከዝ ይተከላል፣ ወገብ ወደ ዳገቱ ይሸሻል፣ ምርኩዝ ያለው ምርኩዙን ከኋላው ይወጋል። ቢያንሸራትት እንኳ በመቀመጫ መውደቅ በግንባር ከመደፋት ይሻላል። ለእግረኛ ይህ ብልሃት ነው፤ የጫማው ተረከዝ ጭቃውን ቆፍሮ ይይዝለታልና። ስኪ ግን የሚቆፍር ተረከዝ የለውም። ወደ ኋላ ባሉ ቁጥር ክብደትዎ ከስኪው የፊት ግማሽ ላይ ይነሣል፤ መታጠፍን የሚጀምረው ደግሞ ያ የፊት ግማሽ ነው። የፊት ጎማዎቹ ከአስፋልቱ ከፍ ያሉበትን መኪና መሪ ቢያዞሩት ምን ይጠቅማል? ስኪው አልታዘዝ ሲል ፍጥነት ይጨምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይፈራሉ፣ ሲፈሩ የበለጠ ይቀመጣሉ። ጭንዎ የሚቃጠለውም ለዚሁ ነው፤ አጥንት ሊጋራው የሚገባውን ክብደት ለጡንቻ ብቻ ሰጥተው፣ በርጩማ በሌለበት ተቀምጠው ተራራ ይወርዳሉ።

«እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ቀጥ ያሉት ግን እንደ ዛፎቹ ነው። ዛፍ ተዳፋት ላይ ቢበቅልም ወደ ሰማይ ቀጥ ይላል። 15 ዲግሪ ባዘነበለ ቁልቁለት ላይ እንደ ዛፍ የቆመ ሰው ከስኪው አንጻር ሲለካ 15 ዲግሪ ወደ ኋላ ተጋድሟል። እርስዎ ቀጥ ማለት ያለብዎት ለበረዶው ነው፤ ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ደረትን ለሸለቆው መስጠት ማለት ነው። አእምሮ ይህን ትእዛዝ በእሺታ አይቀበልም። ስለዚህ ከአእምሮ ጋር ክርክር ውስጥ ሳልገባ ተማሪዎቼን አንድ ቦታ ብቻ እንዲያዳምጡ አደርጋለሁ፤ ቅልጥማቸውን።

የስኪ ጫማ ከፊት ለፊቱ ጠንካራ ምላስ አለው። ቁርጭምጭሚትዎን ሲያጥፉ ቅልጥምዎ ያንን ምላስ ይጫነዋል። ከላይ እስከ ታች ያ ግፊት ካልተለየዎት ሚዛንዎ በቦታው አለ። ባትዎ የጫማውን ጀርባ ሲነካ ከተሰማዎት ተቀምጠዋል። አንዲት ተማሪዬ «ወደ ፊት» ባልኋት ቁጥር «ወደ ፊት ነኝ እኮ» ትለኝ ነበር። አንድ የአንድ ዶላር ኖት አራት ላይ አጥፌ በካልሲዋና በጫማው ምላስ መካከል፣ ጫፉ ብቅ እስኪል ድረስ ሻጥሁላት። «ቅልጥምሽ ይዞት ይውረድ» አልኋት። ከታች ስንደርስ ኖቱ የለም። ጫማውን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ዘንድ ተጨማዶ ተገኘ። በአራተኛው ጉዞ ዶላሩ ከነጫፉ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሚዛን አንድ ቃል መናገር አላስፈለገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይጠብቅዎታል። ወደ ፊት ይሁኑ የተባለ ሰው ከወገቡ ይታጠፋል። ያኔ ጭንቅላት ወደ ፊት ሄዶ መቀመጫ ወደ ኋላ ይወጣል፤ ሰገዱ እንጂ ወደ ፊት አልመጡም። መታጠፍ ያለበት ከሁሉ በፊት ቁርጭምጭሚት ነው፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ወገብ በመጨረሻ፤ እሱም በጥቂቱ።

ቁርጭምጭሚት ግን በሰፊ ጫማ ውስጥ ቢታጠፍ ምንም አያመጣም፤ እግሩ ጫማው ውስጥ ይዋኛል። እኔ በመጀመሪያው ክረምቴ (ክረምት ስል የዚህን አገር የበረዶ ወራት ማለቴ ነው) ከአንድ ኪራይ ሱቅ አንድ ተኩል ቁጥር የሚበልጠኝን ጫማ ወስጄ፣ ብርዱን ፈርቼ ሁለት የሱፍ ካልሲ ደርቤበት፣ ወሩን ሙሉ ችሎታ የጎደለኝ መስሎኝ ተሠቃይቻለሁ። የስኪ ጫማ ቁጥር የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው፤ እግርዎ 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚጠይቁት 25 ነው። የውስጡን ለስላሳ ጫማ አውጥተው እግርዎን በፕላስቲኩ ውስጥ ያስገቡ፤ ጣትዎ ፊቱን ሲነካ ከተረከዝዎ ኋላ የሚቀረው ክፍተት ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ካልሲው አንድ፣ ስስ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ። ተረከዝዎ ብድግ ማለት የለበትም። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘውን ብረት ግን ራስዎ አይንኩት። ሲወድቁ ብረቱ ጫማውን የሚለቅበትን ልክ ባለሙያው የሚያስተካክለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በጫማው ርዝመትና በችሎታ ነው፤ ስለዚህ ክብደትዎን ሲጠይቅዎት እውነቱን ይንገሩት። በኪራይ ሱቅ ውስጥ ኪሎ መደበቅ በጉልበት መቀለድ ነው፤ ከአቅምዎ በታች የላላ ብረት መንገድ ላይ ይለቅዎታል፣ የጠበቀ ደግሞ መልቀቅ ሲገባው አይለቅም።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሰማያዊውን ለሁለት ቅዳሜ ይርሱት። ቀለሞቹም ቢሆኑ የአንዱን ተራራ መስመር ከዚያው ተራራ ሌሎች መስመሮች ጋር የሚያነጻጽሩ ናቸው፤ የአንዱ ሰማያዊ ከሌላው ሰማያዊ ሊከብድ ይችላል። መጨረሻው ሜዳ በሆነ ለዘብ ያለ ቁልቁለት ላይ ስኪዎቹን ትይዩ አድርገው ቀጥ ብለው ይውረዱና ትንንሽ ዝላይ ይዝለሉ። ስኪው ከአፍንጫው እስከ ጭራው እኩል ከተነሣ መሐል ላይ ነዎት። አፍንጫው ብቻ ተነሥቶ ጭራው ከቀረ መልሱን አገኙ። ቀጥሎ ቁልቁለቱን በአግድም ሲያቋርጡ የላይኛውን ስኪ ጭራ ያንሡ፤ አፍንጫው በረዶውን እየዳሰሰ ይቆይ፣ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። የታችኛው እግር ብቻውን ሊሸከምዎት እንደሚችል ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን በጎን መንሸራተት ነው። ስኪዎቹን ለቁልቁለቱ አግድም አድርገው ይቁሙ። የያዘዎት የስኪው የላይኛው የብረት ጠርዝ ነው። ሁለቱንም ጉልበት በጣም በዝግታ ወደ ሸለቆው ዘንበል ሲያደርጉ ጠርዙ መያዙን ይተውና ወደ ጎን መውረድ ይጀምራሉ። ጉልበትዎን ወደ ዳገቱ ሲመልሱ ይቆማሉ። አሥር ጊዜ ይልቀቁ፣ አሥር ጊዜ ይያዙ። መጀመሪያ ላይ እንደ መብራት ማብሪያ ነው፣ ወይ ይይዛል ወይ ይለቃል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ግማሽ መያዝ፣ ሩብ መያዝ ይመጣል። ለስላሳ መታጠፍ የሚሠራው ከዚህ ሩብና ግማሽ ነው። ጥቅሙ ሌላም ነው፤ ከአቅምዎ በላይ የሆነ ቁልቁለት ላይ ቢገኙ በጎን ተንሸራትተው መውጣት ይችላሉ። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ብዙ አይፈራም፤ ያልፈራ ሰው አይቀመጥም።

መታጠፍ ራሱ የሚያደናግረው እግር ስለሚቀይር ነው። ወደ ቀኝ የሚወስድዎት ግራ እግር ነው፣ ወደ ግራ ቀኝ እግር። ክብደቱን የሚሸከመው በኩርባው ውጭ ያለው ስኪ ነው። ችግሩ ኩርባው ሲጀመር ያ ስኪ የላይኛው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተደላደሉበት ከታችኛው እግር ላይ ተነሥተው፣ ክብደትዎን ለላይኛው ሰጥተው፣ ሰውነትዎን በስኪዎቹ ላይ አሻግረው ወደ ሸለቆው መልቀቅ አለብዎት። ለአንድ አፍታ ስኪዎቹ የትኛውንም ጠርዝ ሳይዙ ጠፍጣፋ ይሆኑና አፍንጫቸው ውኃ ቢፈስስ በሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ታች ያያል። ልብ የሚሰቀለው እዚህ ነው። እርስዎ «በግድ» ያሉት መታጠፍ የሚወለደውም እዚህ ነው፤ ይህችን አፍታ ቶሎ ለመገላገል ትከሻዎን ያሽከረክራሉ፣ ጭራዎቹን ይወረውራሉ፣ ከዚያ በድንገት ጠርዝ ላይ ቆመው ያርሳሉ።

መድኃኒቱ መቁጠር ነው። አንድ ሲሉ የታችኛውን ይልቀቁ፣ ሁለት ሲሉ ስኪዎቹ ቁልቁል ይዩ፣ ሦስት ሲሉ የውጩን እግር እየተጫኑ ይዙሩ፣ አራት ሲሉ ይጨርሱ። አራቱም እኩል ርዝመት ይኑራቸው። «ሁለት» ላይ ፍጥነት ይጨምራል፤ ይጨምር፤ የሚቀነሰው ሦስትና አራት ላይ ነው። ከታች ሆነው ዱካዎን ቢያዩት ጎኑ ላይ የተጋደመ «ሀ» መምሰል አለበት፣ የተሰበረ እንጨት አይደለም። መጨረስ ስል ደግሞ የምሬን ነው፤ አፍንጫዎቹ በጥቂቱ ወደ ዳገቱ እስኪያዩ ድረስ። ያኔ ተራራው ራሱ ፍጥነትዎን ይበላልዎታል። የስኪ ፍሬን ይህ ኩርባ ነው። ሰማያዊው ላይ የሚያስቸግርዎት ቁልቁለቱ መበርታቱ ብቻ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል፤ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ኩርባውን ግማሽ ላይ ትተው ወደሚቀጥለው ስለሚቸኩሉ ፍጥነቱ እየተጠራቀመ ነው የሚያስጨንቃቸው። መስመሩ ሰፊ ነው፤ በስፋቱ ይጠቀሙ።

የዛሬ ስኪ በዚህ ይረዳዎታል። መሐሉ ጠባብ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሰፊ ናቸው፤ ስለዚህ በጠርዙ ሲጋደምና ክብደት ሲያርፍበት ቅስት ሆኖ ራሱ ይዞራል። ስኪዎ ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች ይዩ፤ የፊቱ፣ የመሐሉና የኋላው ስፋት በሚሊ ሜትር ናቸው። አጠገባቸው 14 ሜትር የሚል ካለ ስኪው በተፈጥሮው የሚስለው ክብ ከመሐል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ይህ ቅርጽ በ1990ዎቹ ከመስፋፋቱ በፊት አዋቂዎች ሁለት ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ ስኪ ላይ ነበር የሚታገሉት። እርስዎ ኃይል አያስፈልግዎትም፣ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ደግሞም በሽብልቅ (የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቦ ጭራቸውን በመክፈት)፣ ልጆቹ ፒዛ በሚሉት፣ መጀመርን አይናቁ። ከመቶ ዓመት በፊት በኦስትሪያ አርልበርግ ሐኔስ ሽናይደር ያስፋፋው ትምህርት ከሽብልቅ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ትይዩ ስኪ የሚያደርስ ነበር። ኩርባውን በትንሽ ሽብልቅ ከፍተው በትይዩ ቢዘጉት የሚያፍሩበት ነገር የለም።

ስለ እጅ አጭር ልበል። ረከቦት ከነሲኒዎቹ ይዘው እንግዶቹ ወደተቀመጡበት ሸለቆ እየወረዱ እንደሆነ ያስቡ። ሲኒ እንዳይፈስስ እጆች ከፊትዎ ይሆናሉ፣ ትከሻ አይሽከረከርም፣ እግር ብቻ ከሥር ይዞራል። ሁለቱን የስኪ ዘንጎች በአግድም በሁለት እጅ ይዘው አንድ ጉዞ ይውረዱ፤ ረከቦቱ ያዘነበለበትን ኩርባ ወዲያው ያውቁታል። ዓይንዎ ስኪው ላይ አይሁን፤ ከሁለት ኩርባ በኋላ የሚደርሱበትን ያይ። ሰውነት ሚዛን የሚጠብቀው በዓይን፣ በውስጥ ጆሮና በእግር ስሜት ተባብሮ ነው። ሰማዩ ሲዳምንና በረዶው ጥላ አልባ ሲሆን ዓይን ከሥራ ይወጣል፤ ያኔ በዛፎቹ አጠገብ ይውረዱ፣ ግንዶቹ መሬቱን ያሳዩዎታል።

ጆሮም ያስተምራል። ጥሩ ኩርባ ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ ዓይነት «ሽሽሽ» ይላል። ዝም ቆይቶ መጨረሻ ላይ «ጭርርር» ካለ ጠርዝ የያዙት ዘግይተው፣ በአንድ ጊዜ ነው።

አማርኛችን እዚህ ጥቂት ይበድለናል። በቆሎውን የሚያረግፈውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ ከሰማይ እንደ ባዘቶ የሚወርደውም ሁሉ በረዶ ነው። አመዳይ የሚል የቆየ ቃል ቢኖረንም በአፋችን የለም። ተራራው ላይ ግን ልዩነቱ የቀንዎን ዕጣ ይወስናል። ጠዋት በማሽን የተበጠረው በረዶ እንደ አዲስ እርሻ መስመር መስመር ሠርቶ ይጠብቅዎታል፤ ጠርዝን በቀላሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ከቀትር በኋላ የብዙ ሰው ስኪ ሲፍቀው ከሥሩ ያለው ጠጣር ይወጣል። ልምምድዎን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ይጨርሱ። ከፍታውም አለ፤ ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፣ ወደ ተራሮቹ ሲሄዱ የሚያልፉበት የአይዘንሃወር ዋሻ ግን ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ያደግሁ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ቢሉም፣ ለዓመታት ዝቅ ብሎ የኖረ ሳንባ ያንን ረስቶታል። ውኃ ይጠጡ፣ ይረፉ። የደከመ እግር ሚዛን አይማርም።

በሳምንቱ መሐል ደግሞ ጥርስዎን ሲቦርሹ በአንድ እግር ይቁሙ፤ ሲቀልልዎት ዓይንዎን ይጨፍኑ። ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥን ብዙዎች ይመክራሉ፤ ጭንን ያጠነክራል፣ ለእርስዎ ግን ልናስጥልዎት የምንፈልገውን አቀማመጥ ያስለምዳልና ቢተዉት እመርጣለሁ። አቅምዎ ከፈቀደ አንድ ቀን የአገር አቋራጭ ስኪ ይሞክሩ። በ2006 በቶሪኖ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም የተሰለፈው በዚሁ ዘርፍ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ተረከዝ አይታሰርም፣ ስኪው ቀጭን ነው፣ ጫማው የሚደግፍዎት ነገር የለም፤ በአንድ እግር መንሸራተትን ሳይወዱ በግድ ይማራሉ፣ ያውም ሜዳ ላይ።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። በፊቱ መደፋቱ ብዙ ነገር ይነግረኛል። ስኖውቦርድ ሁልጊዜ በዳገቱ በኩል ባለው ጠርዝ መያዝ አለበት። ወደ ሸለቆው ዞሮ በተረከዝ ጠርዝ ሲሄድ ቦርዱን ጠፍጣፋ ካደረገው የጣቱ ጠርዝ በረዶውን ይነክሳል፤ ቦርዱ ይቆማል፣ እሱ ግን ይቀጥላል። ይህ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ መሳይ ቦታ ላይ፣ ሲዝናና ነው፤ ቁልቁል ላይማ ይጠነቀቃል። ስለዚህ «ሜዳ ላይም ትንሽ ጠርዝ ያዝ» ይበሉት። ሁለተኛው ጉዳይ ከእርስዎ ጋር የሚያመሳስለው ነው፤ ሲፈራ የኋላ እግሩ ላይ ይቀመጥና በዚያ እግር ቦርዱን እንደ ጀልባ ይቀዝፈዋል። ኩርባ የሚጀመረው በፊት እግር ነው፤ ክብደት ወደ ፊት እግር፣ ዓይንና የፊት ትከሻ ወደሚሄድበት፣ ቦርዱ ቁልቁል እስኪያይ ትዕግሥት፣ ከዚያ ጠርዝ መቀየር። በአንድ ጠርዝ ብቻ ወዲህና ወዲያ እንደ ረገፈ ቅጠል እየተንሳፈፈ ይውረድ፤ ጠዋት በተረከዙ፣ ቀጥሎ በጣቱ። የእጅ አንጓ መከላከያ ይግዙለት፣ የራስ ቁሩም አይለየው፤ ሲወድቅ መዳፉን ዘርግቶ ሳይሆን ጨብጦ በክንዱ ይረፍ።

የእርስዎ አወዳደቅ ደግሞ ጉልበትን ይመለከታል። ወደ ኋላ መውደቅዎ ከጀመረ እየተንሸራተቱ ለመነሣት አይታገሉ፤ በጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በዚያ ትግል ነው። እጆችዎን ወደ ፊት፣ እግሮችዎን ወደ አንድ ሰብስበው እስኪቆሙ ይጠብቁ። ከፊትዎ ያለ ሰው ሁልጊዜ ቅድሚያ አለው፤ እርስዎም ሲያርፉ ከላይ የሚመጣው ሊያይዎት በሚችልበት ዳር ይሁን።

ወደ ሰማያዊው መቼ እንደሚመለሱ ለሚጠይቁኝ መለኪያዬ ያው ዶላሩ ነው። በአረንጓዴው ላይ ሦስት ጉዞ በተከታታይ፣ በሁለቱም ጫማ፣ ጫፉ ከወጣበት ሳይነቃነቅ ከወረደ፣ በማግስቱ ጠዋት በረዶው ገና እንደ ተበጠረ ሰማያዊውን ይውጡበት።